ያልተጠየቀ ጉርሻ

ሃያ ዶላሩን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ምግቡን እንደገና የሠራችው ግን ሌላ ሴት ነበረች። ጊዜው 2014 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ፋስት ፉድ ቤት ባንኮኒ ላይ በሰዓት 8 ዶላር እየተከፈለኝ እሠራ ነበር። አንድ ማታ ለመዝጋት ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ሁለት ልጆች የያዘች እናት ገባችና፣ ከልጆቿ አንዱ አይብ እንደማይስማማው ነግራኝ አዘዘች። ትእዛዙን ስመዘግብ ያንን ሳልጽፍ ቀረሁ። ልጁ ሊጎርስ ሲል እናትየው አይቡን አይታ ደነገጠችና ምግቡን መልሳ አመጣችው። ከጀርባ ምድጃው ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች በእናቴ ዕድሜ የምትሆን ሴት፣ መጥበሻውን አጥባ፣ ሽርጧን ፈትታ ለመውጣት ተዘጋጅታ ነበር። ጉዳዩን ስነግራት አንድ ቃል አልተናገረችም። ሽርጧን መልሳ አሰረች፤ እጇን ታጥባ አዲስ ጓንት አጠለቀች፤ የመጥበሻውን አንድ ጥግ ለብቻው ፍቃ አጽድታ ሥጋውን ከአዲስ ጠበሰች። እኔ ያደረግኩት ይቅርታ መጠየቅና ትሪውን ማቀበል ብቻ ነበር። እናትየው ልትወጣ ስትል ወደ ባንኮኒው ተመልሳ፣ ስላደረግኩላት እንክብካቤ አመስግና ሃያ ዶላር አስጨበጠችኝ። በቤቱ ደንብ ከደንበኛ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር፤ ማናጀሩ በአቅራቢያው ስላልነበረ ግን ኪሴ ከተትኩት። ለባልደረባዬ አልነገርኳትም። ሃያ ዶላር በዚያን ጊዜ የሁለት ሰዓት ተኩል ድካሜ ዋጋ ነበር፤ ለእሷም ከዚያ የሚያንስ አልነበረም።

ዛሬ ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ሆኖም በፋስት ፉድ ባንኮኒ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ቲፕ (ጉርሻ) ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ ያቺ ሴት ሽርጧን መልሳ ስታስር ትታየኛለች። ክርክሩ ደግሞ በአሜሪካ የማይነሳበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአዋቂ አሜሪካውያን መካከል 72 በመቶው ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ቲፕ በብዙ ቦታ እየተጠበቀ እንደመጣ ተናግረዋል። በዚያው ጥናት አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ተቀምጠው ሲመገቡ ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ቲፕ እንደሚሰጡ የገለጹት 92 በመቶ ሲሆኑ፣ አስተናጋጅ በሌለበትና ደንበኛው ራሱ ባንኮኒ ላይ አዝዞ በሚወስድበት ቤት ይህንን እንደሚያደርጉ የተናገሩት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ልዩነት ከስስት የመጣ አይመስለኝም። ሰዎች ቦታ ለይተው ነው የሚሰጡት፤ የሚለዩበትም ምክንያት አላቸው።

ምክንያቱን ከአንድ ወዳጄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ቆሜ አዘዝኩ፣ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ትሪውን ራሴ ተሸክሜ ተቀመጥኩ፣ ስነሳም ገበታውን ራሴ ጠረግኩ፤ ታዲያ የምሰጠው ለየትኛው አገልግሎት ነው?» ይላል። ቀጥሎም የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋን፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ክኒን የሚቆጥረውን፣ በመጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የሚያድረውን ይጠቅሳል። ለእነዚህ ማንም አይሰጥም፤ ባለመስጠቱም ማንም አያፍርም። ይህን ክርክር ለረዥም ጊዜ የምመልሰው የባንኮኒ ሥራን ክብደት በመዘርዘር ነበር፤ ስምንት ሰዓት መቆምን፣ በመኪና መስኮት የሚያዝዘው ደንበኛ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ከራስ በላይ ተሰቅሎ የሚቆጥረውን ሰሌዳ፣ የዘይቱን ቃጠሎ፣ በሺፍቱ መካከል መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን፣ በራሱ ቀን የተናደደ ሰው የሚያወርደውን ስድብ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለወዳጄ ግን መልስ አይሆንም። መጋዘን ውስጥ ያለው ሰውም ወገቡን ይታመማል። ሥራ ሲከብድ መክፈል ያለበት ያሠራው ነው፤ የሥራው ክብደት የአሠሪውን ዕዳ ወደ መንገደኛ ኪስ ሊያዞር አይችልም።

ስለዚህ ወዳጄ ባይሰጥ ማንንም አልበደለም እላለሁ። እኔ ግን እሰጣለሁ፤ የባንኮኒ ሠራተኛም እንዲቀበል ሊፈቀድለት ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሁለቱን አብሬ ስል እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የባንኮኒው ጉርሻ ዕዳ ባለመሆኑ ስጦታ ሆኖ ሊቀር የሚችል ገንዘብ ነው፤ ልንጠብቀው የሚገባውም ይህንን ጠባዩን ነው። ጉርሻ የሚለው ቃላችን ራሱ ከገንዘብ በፊት ሌላ ነገር ነበር፤ አንዱ በእጁ ጠቅልሎ ለሌላው የሚያጎርሰው ነው። የሚያጎርሰው ሰው የጎራሹን ራት የመሸፈን ግዴታ የለበትም፤ ጎራሹም በዚያች አንዲት ጉርሻ እንዲያድር አይጠበቅበትም። ራቱ ሌላ ነው፣ ጉርሻውም ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአስተናጋጆች ላይ የደረሰው ችግር ሁለቱ መቀላቀላቸው ነው።

የተቀላቀሉትም በሕግ ነው። የፌዴራሉ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ በ1938 ሲወጣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጪ ትቷቸው ነበር። በ1966 ሲሻሻል እነሱም ገቡ፤ ነገር ግን አሠሪው ከዝቅተኛው ክፍያ እስከ ግማሽ ድረስ ያለውን ሠራተኛው ከሚያገኘው ቲፕ ላይ እንዲያቻችል ተፈቀደለት። ዛሬ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከ2009 ጀምሮ አልተነካም። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ግን አሠሪው ከራሱ እንዲያወጣ የሚገደደው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህም ከ1991 ጀምሮ ባለበት ቆሟል። ቀሪውን 5 ዶላር ከ12 ሳንቲም የሚሞላው ተመጋቢው ነው። ተመጋቢው ካልሞላው አሠሪው እንዲጨምር ሕጉ ያዛል፤ ይሁን እንጂ ይህንን መብቱን ለማስከበር የሥራ ፈረቃውን በሚደለድለው ማናጀር ፊት ቆሞ ሒሳብ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ብዙ አላየሁም። እንግዲህ ገበታ ላይ ተቀምጦ የበላ ሰው ትቶት የሚሄደው ገንዘብ በስሙ ጉርሻ ይባል እንጂ በግብሩ ደመወዝ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ አስተናጋጅ ካስተናገደኝ ገበታ ሃያ በመቶ ሳልተው ተነስቼ አላውቅም፤ አገልግሎቱ ደካማ የነበረ ዕለትም ቢሆን የሰው ደመወዝ በእኔ ስሜት ሊቆረጥ አይገባውም።

የባንኮኒ ሠራተኛ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በአብዛኛው ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኘው ከአሠሪው ነው። ካሊፎርኒያን፣ ኦሪገንን፣ ዋሽንግተንን፣ ኔቫዳን፣ ሞንታናን፣ ሚኒሶታንና አላስካን በመሳሰሉት ግዛቶች ደግሞ ቲፕን ከደመወዝ ጋር ማቻቻል ጭራሹን አይፈቀድም። ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፋ በመላው አገሪቱ 60 እና ከዚያ በላይ መደብር ባላቸው የፋስት ፉድ ድርጅቶች ለሚሠሩ ሰዎች ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓት 20 ዶላር አድርጋዋለች። እኔ በሠራሁባት ቨርጂኒያ ግን ክፍያው እስከ 2021 ድረስ ከፌዴራሉ ወለል ንቅንቅ አላለም ነበር። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የባንኮኒ ሠራተኛ የኑሮ ጥያቄ የሚመለሰው በሕግና በአሠሪው የደመወዝ መዝገብ ላይ መሆኑን ነው። በ2012 ኅዳር ማለቂያ ላይ በኒውዮርክ ከተማ ሥራ አቁመው የወጡት የፋስት ፉድ ሠራተኞች የጠየቁት በሰዓት 15 ዶላርና የመደራጀት መብት ነበር፤ በባንኮኒው ላይ የቲፕ ማሰሮ ይቀመጥልን ብለው አልወጡም። የሚጎድላቸውን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር።

አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል፤ ከወዳጆቼ ጋር ስንከራከርም ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የሚታለፍ ነው። ሕጉ «ቲፕ የሚያገኝ ሠራተኛ» የሚለው በሙያው ልማድ ዘወትር በወር ከ30 ዶላር በላይ ቲፕ የሚያገኘውን ሰው ነው። ሠላሳ ዶላር በሃያ የሥራ ቀን ቢካፈል በቀን አንድ ዶላር ተኩል ነው። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ቲፕ ያገኛሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሙያዎች መካከል ደንበኛ የሚያስተናግዱ የባንኮኒ ሠራተኞች ይገኙበታል። ይህ ማለት የምንሰጠው ቲፕ ልማድ እየሆነ በሄደ መጠን፣ ማቻቻል በሚፈቀድባቸው ግዛቶች የባንኮኒ ሠራተኛውን ክፍያ ወደ አስተናጋጁ ስሌት ለማውረድ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ይህንን ዛሬ አያደርጉም፤ በ2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ባንኮኒ ላይ የሚቆም ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ደመወዝን ሳይነኩም ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ይቻላል። የቅጥር ማስታወቂያዎችን ያነበበ ሰው «ቲፕን ጨምሮ በሰዓት እስከ» የሚለውን አገላለጽ ያውቀዋል። ያ ማስታወቂያ ሲወጣ የደንበኛው ልግስና አስቀድሞ ተቆጥሮ የአሠሪው ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። አሠሪው በሚቀጥለው ዓመት የሰዓት ክፍያ እንዲጨምር ሲጠየቅ ወደዚያ ማሰሮ መጠቆሙ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ነገር አሜሪካ ውስጥ ከዚህ በፊት ስለሆነ ስጋቴን የባዶ ስጋት አላደርገውም። ቲፕ መስጠት በዚህች አገር የተስፋፋው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ አውሮፓን አይተው የተመለሱ ባለጠጎች ልማዱን ይዘውት ከመጡ ወዲህ ነው። ፑልማን የተባለው የባቡር መኝታ ክፍሎች ኩባንያ ቀድሞ ባሪያ የነበሩ ጥቁር ወንዶችን በብዛት ቀጥሮ እጅግ ዝቅተኛ ደመወዝ እየከፈለ፣ የቀረውን ከተሳፋሪው እንዲለቅሙ ተዋቸው። ተሳፋሪው ጫማ አስጠርጎ፣ አልጋ አስነጥፎ፣ ሻንጣ አሸክሞ፣ ሠራተኛውን በራሱ ስም እንኳን ሳይሆን በኩባንያው ባለቤት ስም «ጆርጅ» ብሎ እየጠራ ሳንቲም ይሰጠዋል። ሠራተኛው ፈገግታውን ካጠፋ ራቱን ያጣል። እነዚህ ሠራተኞች በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር የኅብረት ስምምነት ሲፈርሙ ያገኙት ዋናው ነገር የደመወዝ ጭማሪና አጠር ያለ የሥራ ሰዓት ነበር። በዚያው ዘመን ቲፕን ውርደት ነው ብለው በሕግ የከለከሉ ግዛቶችም ነበሩ፤ ዋሽንግተን በ1909 ቀዳሚ ሆነች፣ ሌሎችም ተከተሏት፣ እስከ 1926 ድረስ ግን ሁሉም ሕጎቻቸውን ሽረዋል። መከልከሉ ያልሠራው ለምን እንደሆነ በበኩሌ ይገባኛል። ሰው ለሰው መስጠት ይወዳል፤ የቤቱ ደንብ ቢከለክለኝም ያቺ እናት ሰጥታኛለች። ክፋቱ ያለው አሠሪው በዚህ ፍላጎት ላይ ቆሞ ደመወዝ ሲቀንስ ነው።

ወደ ዛሬው ባንኮኒ ስመለስ ስጦታውን ከስጦታነት እያወጣው ያለው የመክፈያው ስክሪን ነው። ምግቡ ገና አልተሠራም፤ ሠራተኛዋ ስክሪኑን ወደ ደንበኛው ታዞርና ዓይኗን ወደ ሌላ ታደርጋለች። 18፣ 20፣ 25 በመቶ የሚሉ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ፤ «ያለ ቲፕ» የምትለው ከሥር ጠበብ ብላ ትቀመጣለች። ከኋላ ሰልፍ አለ። እዚህ ላይ የሚሠራው ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን እኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በይሉኝታ የወጣ ገንዘብ ከሰጪው ቅሬታን ይዞ ይወጣል፤ ቅሬታውም ስክሪኑን በሠራው ድርጅት ወይም ባስቀመጠው አሠሪ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት በቆመችው ልጅ ላይ ያርፋል። እሷ ያንን ስክሪን አልመረጠችውም። አብዛኛውን ጊዜ ማጥፋትም አትችልም። ደግሞስ ገና ያልተቀበልኩት አገልግሎት ላይ እንዴት አድርጌ ምስጋና ልስጥ? በመቶኛ ማስላቱም ለባንኮኒ ሥራ አይገጥምም፤ አምስት በርገር በአንድ ከረጢት ማቀበልና አንዲት ቡና በአራት ዓይነት ለውጥ መሥራት በድካም ሲለኩ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል፣ በዋጋ ግን የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። ካርድ አስከፋዩ ድርጅት ኮሚሽኑን የሚወስደው ቲፑን ጨምሮ ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ስለሆነ ደንበኛው ብዙ ቢሰጥ እሱም ይጠቀማል። በፌዴራሉ ሕግ አሠሪው የዚያን የካርድ ኮሚሽን ድርሻ ከሠራተኛው ቲፕ ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን የሚከለክሉ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ቢኖሩም።

ለፍትሐዊነቱ ስል ልጨምር፤ ስክሪኑ በወረርሽኙ ወቅት አንድ መልካም ነገርም አሳይቶናል። በ2020 ሌላው ሰው ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ ባንኮኒ ላይ የቆሙት ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ይሠሩ ነበር፤ ብዙ ደንበኞችም ከዚያ በፊት ሰጥተው በማያውቁበት ቦታ ከልባቸው ሰጥተዋል። ያኔ የተሰጠው ገንዘብ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ምክንያቱ ሄደ፣ ስክሪኑ ግን ቀረ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቲፕ ማንን እንደሚመርጥ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቲፕን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ማይክል ሊን ባደረጓቸው ጥናቶች የአገልግሎቱ ጥራትና የቲፑ መጠን ያላቸው ግንኙነት ደካማ መሆኑ ታይቷል፤ ጥቁር አስተናጋጆች ከነጮቹ ያነሰ እንደሚያገኙ ያሳየ ጥናትም ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳትመዋል። እኔ ይህንን ያወቅኩት ከጥናቱ በፊት ነበር። ሁለተኛ ሥራ ይዤበት በነበረ ቡና ቤት በየባንኮኒው ላይ ለብቻው ኩባያ ይቀመጥ ነበር። ከጎኔ የምትሠራው የአካባቢው ተወላጅ ልጅ ኩባያዋ በእኩለ ቀን ይሞላል፤ እኔ በቋንቋ አነጋገሬ ሁለት ጊዜ «ምን አልክ?» እየተባልኩ የማገኘው ከእሷ ሩብ አይሞላም ነበር። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ አንዳንድ ቀን ከራሷ ኩባያ ቆንጥራ ወደ እኔ ትጨምር ነበር። ማናጀሩ በኋላ አንድ ማሰሮ አድርጎ በሠራንበት ሰዓት ልክ ማካፈል ሲጀምር በመካከላችን የነበረው ጭንቀት በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

እናም ወደ ምድጃው ልመለስ። ደንበኛ የሚያየው ባንኮኒውን ነው፤ የሚያመሰግነውም ያየውን ሰው ነው። ምግቡን የሠራው፣ ሳህኑን ያጠበው፣ ሽንኩርቱን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የከተፈው ሰው አይታይም። ለረዥም ጊዜ ሕጉም ይህንኑ አይቶ እንዳላየ ያለፈ ነበር፤ የቲፕ ክፍፍል በደንበኛ ፊት በሚቆሙት መካከል ብቻ የሚደረግ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2018 ኮንግረሱ ባሻሻለው ሕግ መሠረት አሠሪው ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ የሚከፍል ከሆነ ምድጃ ላይ የሚሠሩትንና ዕቃ አጣቢዎችን የሚያካትት የጋራ ክፍፍል ማድረግ ይችላል፤ አሠሪው፣ ማናጀሩና ተቆጣጣሪው ግን ከሠራተኛው ቲፕ አንድ ሳንቲም እንኳን እንዳይወስዱ ተከልክሏል። የባንኮኒ ሠራተኛ ሙሉ ክፍያውን ከአሠሪው ስለሚያገኝ ይህ ሕግ ከማንም በላይ ለፋስት ፉድ ቤት ይስማማል። በእኔ አመለካከት ማሰሮ የሚያስቀምጥ ማንኛውም ቤት ምድጃውን ሳያካትት ሊያስቀምጥ አይገባውም፤ እንዴት እንደሚካፈልም ደንበኛው በሚያየው ቦታ መጻፍ አለበት። በ2014 እንዲህ ያለ ግልጽ ደንብ በቤታችን ቢኖር ኖሮ ያ ሃያ ዶላር ኪሴ አይገባም ነበር። ደንቡ የከለከለን መቀበልን ነበር፤ የከለከለውም የሚቀበለው ሰው ደብቆ እንዲቀበል፣ የደበቀውም ብቻውን እንዲያስቀረው አደረገ። ይህን የምለው ጥፋቴን ወደ ደንቡ ለማዞር አይደለም። ያን ገንዘብ ለሁለት መክፈል ለእኔ አስቸጋሪ አልነበረም።

በቅርቡ የመጣው የግብር ለውጥም በዚሁ ጉዳይ ላይ ክብደት አለው። ሐምሌ 4 ቀን 2025 በፀደቀው ሕግ መሠረት ከ2025 እስከ 2028 ባሉት የግብር ዓመታት ሠራተኛ ካገኘው ቲፕ ውስጥ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርሰውን ከፌዴራል የገቢ ግብር ስሌት መቀነስ ይችላል፤ የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ባወጣው የሙያዎች ዝርዝር ውስጥም የፋስት ፉድና የባንኮኒ ሠራተኞች ተካተዋል። ለሠራተኛው ጥቅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ሰው ቀድሞውኑ የሚከፍለው የገቢ ግብር ትንሽ ስለሆነ ከዚህ የሚደርሰው ብዙ አይደለም፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) የሚቆረጠውም እንዳለ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ አቅጣጫው ነው። አንድ ዶላር ደመወዝ ሲጨመር የገቢ ግብር የሚቆረጥበት፣ አንድ ዶላር ቲፕ ሲሰጥ ግን የማይቆረጥበት ሥርዓት አሠሪውንም ሠራተኛውንም ወደ ማሰሮው ይገፋቸዋል። በሕጉ ውስጥ ግን ደስ ያሰኘኝ አንድ ቃል አለ፤ ቅናሹ የሚገባው በፈቃደኝነት ለተሰጠ ቲፕ ብቻ ነው፤ በሒሳቡ ላይ በግዴታ የተጨመረ የአገልግሎት ክፍያ አይቆጠርም።

በፈቃደኝነት የሚለውን ቃል እኔም አጥብቄ ይዣለሁ። ባንኮኒ ላይ ስክሪን ሲዞርልኝ «ያለ ቲፕ» የሚለውን እጫናለሁ። መጀመሪያ ላይ ጣቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እዚያ የቆመውን ሰው ስሜት ስለማውቅ። ምግቤን ተቀብዬ ከበላሁ በኋላ ግን ተመልሼ በጥሬ ገንዘብ እሰጣለሁ፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ የምሰጠውም ብዙ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ነው፣ ሰው ከሥራው በላይ ሲያደርግልኝ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። እየሄድኩ ሳለሁ ስለምሰጥ ለሠራተኛው ፈገግታ የምከፍል አይመስለኝም፤ እሱም ከእኔ ምንም ሳይጠብቅ ያስተናገደኝ መሆኑን አውቃለሁ። የደመወዝ ጉዳይ በድምፅ በሚወሰንበት ጊዜ ደግሞ ድምፄን ለደመወዙ እሰጣለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 ለቲፕ ሠራተኞች የሚከፈለውን ከመደበኛው ወለል ያነሰ የአሠሪ ክፍያ ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ እኔ የዚያ ከተማ ነዋሪ ስላልነበርኩ መምረጥ አልቻልኩም፤ ነዋሪ ለሆኑ ወዳጆቼ ግን እየደወልኩ ድጋፍ እንዲሰጡ ጠይቄያቸዋለሁ። ውሳኔው በሰፊ ድምፅ አለፈ፤ የከተማዋ ምክር ቤት በ2025 እንደገና አንስቶ ከፊሉን ሻረው እንጂ።

ባለፈው ወር ከሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ ካለ አንድ ቤት ገብቼ ሳንድዊች አዘዝኩ። ያዘዝኩት አልቆ ስለነበር ባንኮኒ ላይ ያለው ወጣት ወደ ኋላ ሄዶ ከምድጃው ሰው ጋር ተነጋግሮ በሌላ ዓይነት ዳቦ አሠራልኝ። በልቼ ስጨርስ ተመለስኩና አምስት ዶላር አውጥቼ፣ ከመስጠቴ በፊት ከኋላ ያሉትም ይካፈሉ እንደሆነ ጠየቅኩት። በስክሪን የሚገባው በባንኮኒ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ እንደሚታሰብ፣ ኩባያው ውስጥ የሚገባውን ግን ማታ በር ከዘጉ በኋላ ከምድጃው ሰዎች ጋር አብረው ቆጥረው እንደሚካፈሉ ነገረኝ። በኩባያው ላይ በእስፓኒሽና በእንግሊዝኛ «የሁላችን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ገንዘቡን እዚያ ውስጥ ከተትኩ። በመስኮቱ በኩል ምድጃው ላይ የነበሩት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ፤ በእጄ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም በያዙት መገልበጫ መለሱልኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።